የ194,313 ባሕርይ፦ ዐቢይ ቀመርና የሲዳማ ባለ አራት ቀን ሳምንት

ስለ አካፋይና ስለ ብዜት የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ትርጓሜን በማስጠናትና በትናንሽ ቁጥሮች በማለማመድ ይወሰናል። ተማሪው ስሌቱን ይሠራል፤ ጥቅሙን ግን አይረዳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን ትልቅ ሙሉ ቁጥር ከአገራችን የዘመን አቈጣጠር ወስዶ ባሕርዩን በመመርመር ለመምህራን የማስተማሪያ ምሳሌ ማቅረብ ነው።

1. ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ

በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ የጨረቃን ስሌት የሚመልሰው ንኡስ ቀመር ደግሞ 19 ዓመት ነው። ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 28 × 19 = 532 ይሆናል። ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። በየአራቱ ዓመት 1,461 ቀኖች አሉ፤ 532 ዓመት 133 ጊዜ አራት ዓመት ስለሆነ የቀኖቹ ብዛት 133 × 1,461 = 194,313 ነው።

2. የቁጥሩ አካፋዮች

194,313 በብቸኛ ቁጥሮች ሲዘረዘር 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። 7 ከአካፋዮቹ አንዱ ስለሆነ ዐቢይ ቀመር ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንት ነው፤ ዕለቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይኸው 27,759 ደግሞ ማኅተም በሚባለው በ76 ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ብዛት ነው። ሆኖም 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። ስለዚህ ማኅተም ብቻውን ዕለትን አይመልስም፤ ሰባት ማኅተም ያስፈልጋል።

3. ከሀዋሳ የቀረበ ጥያቄ

በሀዋሳ ባህል አዳራሽ ይህንን ለመምህራን ስናስረዳ አንድ መምህር የሚከተለውን ጠየቁ። የሲዳማ ሕዝብ ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ የሚባሉ አራት የገበያ ቀኖች አሉት። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የፊቼ ጫምባላላ በዓል ቀንም የሚወሰነው አያንቶ በሚባሉ የሰማይ አዋቂዎች ነው። ታዲያ አራቱ የገበያ ቀኖች ከዐቢይ ቀመር ጋር የሚገጥሙት መቼ ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «532 ለ4 ስለሚካፈል 532 ዓመት ይበቃል» ሲል በችኰላ መለሰ። መልሱ ስሕተት ነበር። ለ4 የሚካፈለው የዓመቱ ቁጥር ነው፤ የገበያው ዙር የሚቈጠረው ግን በቀን ነው። 194,313 ኢ-ተጋማሽ ሲሆን ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል። ስለሆነም በእያንዳንዱ ዐቢይ ቀመር መጨረሻ የገበያው ቀን በአንድ ይገፋል፤ ሁሉም የሚገጥመው ከአራት ዐቢይ ቀመር በኋላ ነው። ይኸውም 777,252 ቀን ወይም 2,128 ዓመት ነው።

4. የስሌቱ ወሰን

ይህ የቁጥር ውጤት እንጂ የሰማይ አካላት ፍጹም ልክ አይደለም። በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቈጠራሉ፤ የአንዱ ወር አማካይ 29.53085 ቀን ያህል ይሆናል። በምርምር የታወቀው አማካይ 29.53059 ያህል ነው። ትንሹ ልዩነት በዐቢይ ቀመር ፍጻሜ ከአንድ ቀን ተኩል ይበልጣል።

5. ለመምህራን

መምህሩ ተማሪዎቹን የአካባቢያቸውን የገበያ ቀኖች አስቈጥሮ የጋራ ብዜት ያስፈልጋቸው። ከማካፈላቸው በፊት ግን «የምንቈጥረው ዓመት ነው ወይስ ቀን?» ብለው እንዲጠይቁ ያስለምዳቸው። በአዳራሹ ያሳሳተን የማካፈል ችግር አልነበረም፤ ይህን ጥያቄ አለማስቀደማችን ነበር።