ቪላንድሪ፤ በቤተሰብ እጅ የዳነ ግንብ

በፈረንሳይ አገር፣ የሎዋርና የሼር ወንዞች ሊገናኙ በሚቃረቡበት በቱሬን ለም ምድር ላይ፣ ቪላንድሪ የሚባል ግንብ አለ። በዚያ አውራጃ የነገሥታትና የመኳንንት አብያተ መንግሥት ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በስፋቱ ከቪላንድሪ የሚበልጥ፣ በዝናውም የሚልቅ አይታጣም። ነገር ግን ሊፈርስ የተቃረበ ቤት በአንድ ቤተሰብ ገንዘብ፣ ዕውቀትና ትዕግሥት እንዴት እንደሚድን፣ ከዳነም በኋላ በምን ሥርዓት ጸንቶ እንደሚኖር መማር የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ አብነት በቀላሉ አያገኝም።

የቦታው ታሪክ ከግንቡ ዕድሜ ይቀድማል። መንደሩ ገና ኮሎምቢዬ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በ1189 (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለፊሊፕ ኦጉስት መሸነፉን አምኖ የሰላም ውል የፈጸመው በዚህ ስፍራ ነው፤ ከሁለት ቀንም በኋላ በሺኖን ዐረፈ። የፈረንሳዩ ንጉሥ የቀዳማዊ ፍራንሷ የገንዘብ ሹም የነበረውና የሻምቦርን ቤተ መንግሥት ሥራ የተቈጣጠረው ዣን ለ ብሬቶን፣ በ1530ዎቹ ዓመታት አሮጌውን ምሽግ አፍርሶ አዲሱን ሕንጻ ሲያሳንጽ፣ የጥንቱን ግዙፍ ማማ ብቻ ሳይነካ ስለ ተወው፣ ያ ማማ የሁለቱን ነገሥታት ዘመን እየመሰከረ እስከ ዛሬ ቆሟል።

እንዲህ ያለ ቤት የሚጠፋው በጠላት እጅ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቶቹም የየዘመናቸውን ፈሊጥ ሲከተሉ መልኩን ቀስ በቀስ ያጠፉታል። በ1754 ግንቡን የገዛው የካስቴላን ማርኪ ኑሮው እንዲመቸው ሲል የፊት ገጽታውንና መስኮቶቹን ለዋወጠ። ከፈረንሳዩም አብዮት በኋላ ናፖሌዎን ለወንድሙ ለዤሮም ይዞት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የእንግሊዝ ዓይነት መናፈሻ እጅግ ስለ ተወደደ፣ የጥንቱ ዐጸደ አትክልት ፈርሶ በስፍራው ሣርና ዛፍ ተተከለበት። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የግንቡ ዕጣ መፍረስ መስሎ ሳለ፣ በ1906 አንድ ባልና ሚስት ገዙት።

ባልየው ዦአኪም ካርቫሎ በ1869 በእስጳንያ የተወለደ ሐኪም ሲሆን፣ ሚስቱ አን ኮልማን ከፔንሲልቫንያ የመጣች የአሜሪካ ባለጸጋ ወራሽ ነበረች። የተዋወቁትም በፓሪስ፣ በ1913 የኖቤልን ሽልማት ባገኘው በሻርል ሪሼ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሁለቱም በሳይንስ ምርምር ተጠምደው በነበሩበት ጊዜ ነው። ካርቫሎ የሰበሰባቸውን የእስጳንያ ሥዕሎች የሚያስቀምጥበት ቤት ይፈልግ ነበርና ግንቡን ከገዛ በኋላ ምርምሩን ትቶ ዕድሜውን ለዚያ ሰጠ። ማደስ ለእርሱ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበር፤ ኋለኞቹ ባለቤቶች የደረቡትን እያነሣ፣ የተዘጋውን መስኮት እየከፈተ፣ ሕንጻውን ወደ ለ ብሬቶን ዘመን መልኩ መለሰው። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ እንግዳ አስገብቶበታል፤ ይኸውም በቶሌዶ አቅራቢያ ከነበረው ከማኬዳ መሳፍንት ቤት የመጣ፣ የክርስቲያንና የእስላም ጥበበ እድ የተዋሐደበት የእንጨት ኮርኒስ ነው፤ 3600 ያህሉን ክፍል መልሶ ለመግጠም አንድ ዓመት ፈጅቷል።

ከሕንጻው ይልቅ የቪላንድሪን ስም በዓለም ያናኘው ግን ከ1908 እስከ 1918 የተተከለው ዐጸደ አትክልት ነው። ካርቫሎ የጥንት ንድፎችን መርምሮ፣ ቦታውን በእርከን ከፋፍሎ፣ በላይ ውሃውን፣ በመካከል የጌጥ አበባውን፣ በታች የጓሮ አትክልቱን አኖረ። ይህ የታችኛው በዘጠኝ እኩል አደባባዮች የተከፈለ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ አደባባይ ንድፍ ከሌላው ይለያል፤ ጥቅል ጎመኑ፣ ባሮ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሥሩና ካሮቱ ከነቀለማቸው እንደ ሐረግ ጌጥ ተሰድረው ይታያሉ። ሐሳቡ የገዳማውያን ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ መነኮሳት የሚመገቡትን አትክልት በመስቀልና በሌላም ቅርጽ ይተክሉ ነበርና፣ ዛሬም በየአደባባዩ በሥርዓት የቆሙት ጽጌረዳዎች መደቡን የሚኰተኵቱትን አበው ያመለክታሉ ይባላል።

ይህ ሁሉ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀመር ሥራ ነው። የጓሮ አትክልቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በጸደይ አንዴም በበጋ፣ ይተከላል፤ 40 ያህል ዓይነት ዝርያዎችም መሬቱን እንዳያደክሙት በሦስት ዓመት ዙር ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። የመደቦቹ ድንበር የሆነው፣ ቅጠሉ የማይረግፈው የቡክስ ቁጥቋጦ በአንድ መስመር ቢዘረጋ 52 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከ1000 የሚበልጡት የሊንደን ዛፎችም በክረምት አንድ በአንድ ይከረከማሉ። ከ2009 ወዲህ የኬሚካል መድኃኒት ስለ ቀረ፣ አረሙ በእጅና በመኰትኰቻ ይለቀማል።

የዚህን ያህል ወጪ አንድ ቤተሰብ በራሱ ገንዘብ ብቻ ለትውልድ ሁሉ እንደማይችል ካርቫሎ ቀድሞ ተረድቶ ነበር። ስለዚህ የሚኖርበትን ግንብ ለሕዝብ ከፈተ፤ በ1924ም የታሪካዊ ቤቶችን ባለቤቶች አስተባብሮ፣ ዛሬም ድረስ የሚሠራውን ዴመር ኢስቶሪክ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ግንቡ በ1934 በታሪካዊ ሐውልትነት ተመዘገበ፤ ካርቫሎም ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈ። ልጆቹና ከእነርሱ የተወለዱት ዘሮቹ ግን ሥራውን አልተዉም፤ በ2008 የፀሐይ ዐጸድ የሚባለውን አዲስ ክፍል የጨመሩትም እነርሱ ናቸው።

በጥንት ዘመን እንዲህ ያለውን ግንብ ያቆመው የገባሩ ግብር ነበር፤ ዛሬ የሚያቆመው ቲኬት ቈርጦ የሚገባው ጎብኚ ነው። ስለዚህም ባለ ርስቱ በገዛ ቤቱ ውስጥ መጋቢ ሆኗል፤ በሩን ለእንግዳ ቢዘጋ የአትክልተኛውን ደመወዝና የጣራውን ጥገና የሚከፍልበት አይኖረውም። ካርቫሎ ለወራሾቹ ያስተላለፈው ከድንጋዩ ይልቅ ይህንን ውል ነው።