የወጣቱ የመጀመሪያ አውቶሞቢልና የአሮጌው ፋክቱር ዋጋ

አንድ ነጋዴ በመጪዎቹ ዓመታት ወደ መደብሩ የሚመጣው ገዢ ማን እንደሚሆን ለማወቅ ቢሻ፣ የልደት መዝገብ መመልከቱ አይከፋም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ፣ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እጅግ ብዙ ሕፃናት የተወለዱ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ በ1964 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞላቸው። እነዚህም መንጃ ፈቃድ በእጃቸው፣ ጥቂት ደመወዝ በኪሳቸው ያለ፣ የአባታቸውን አውቶሞቢል ግን የማይመኙ ገዢዎች ነበሩ።

ይህን ቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፖንቲያክ ነው። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ደንብ በመካከለኛ አውቶሞቢል ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ይከለክል ነበር። ዋና መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን ለትልቁ አውቶሞቢል የተሠራውን ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች (6.4 ሊትር ገደማ) ሞተር በመካከለኛው በቴምፐስት ለማንስ ላይ ገጠሙት። ደንቡ ገዢው ጨምሮ ከፍሎ የሚያስገጥመውን ተጨማሪ ዕቃ በግልጽ አይመለከትም ነበርና፣ ይህንኑ ቀዳዳ ተጠቅመው «ጂ ቲ ኦ» የሚል ስም ከኢጣልያው ፌራሪ ወስደው በ295 ዶላር ገደማ ጭማሪ ለገበያ አቀረቡት። የሽያጭ ሹሙ ከ5,000 በላይ አይሸጥም ብሎ ሲሠጋ፣ በመጀመሪያው ዓመት 32,450፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ 96,946 ተሸጠ። የሽያጭ ሹሞች ግምት እንዲህ ሲስት ማየት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል «መስል ካር»፣ ማለትም ባለ ጡንቻ መኪና ይሉታል። 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለአንድ ወጣት ሠራተኛ በየወሩ እየተከፈለ የሚገኝ ነገር ሆነ። ወጣቱም የመጀመሪያ መኪናውን ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጁ እያጠበ፣ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ እየለየ፣ ደመወዙን በቤንዚንና በጎማ ይጨርስ ነበር።

ፍቅሩን ያቀዘቀዘው በመጀመሪያ ኢንሹራንስ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሞተሩን ጉልበት ከመኪናው ክብደት ጋር እያመዛዘኑ ከ25 ዓመት በታች በሆነው ባለንብረት ላይ ከባድ ጭማሪ ጣሉ። በጉዳት ካሣ የተጎዱት እነርሱ በመሆናቸው አይፈረድባቸውም፤ ብዙው ወጣት ግን የመኪናውን ክፍያ ችሎ የኢንሹራንሱን አልቻለም። በ1970 ዓ.ም. የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፤ በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ተከተለ። ጂ ቲ ኦ በ1974 ዓ.ም. ተቋረጠ። ፖንቲያክም ራሱ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የለም።

ዛሬ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ከአያቱ ዘመን አንዱን ጂ ቲ ኦ ልግዛ ቢል፣ ነጋዴን የሚያስደንቅ ችግር ይገጥመዋል። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ጂ ቲ ኦ ተጨማሪ ዕቃ እንጂ ራሱን የቻለ ሞዴል ስላልነበረ፣ በመኪናው ላይ የተመታው ቁጥር ከተራው ለማንስ አይለየውም። በ1966 ዓ.ም. ግን ለብቻው በመመደቡ ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ተንኮለኛ ተራውን ለማንስ ገዝቶ፣ ሞተርና ምልክት ለውጦ፣ ዕጥፍ ዋጋ ሊጠይቅበት ይችላል። በላሜራው ላይ የተለሰነው ስቱኮና አዲሱ ቀለም ደግሞ ዝገቱን ይሸፍኑለታል። የወጣቱን ገንዘብ የሚያድነው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እርሱም ፋብሪካው መኪናውን ለአከፋፋዩ ሲልክ የጻፈው ፋክቱር ነው። የፖንቲያክ መዝገብ በማይክሮፊልም ተጠብቆ በመቆየቱ፣ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የተባለ ድርጅት በመኪናው ቁጥር መሠረት የፋክቱሩን ቅጂ እያወጣ በክፍያ ይሰጣል። የሒሳብ ክፍል ሠራተኞቻችን አሮጌ ሰነድ ለማቃጠል ፈቃድ ሲጠይቁን ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝም ሥራው ገና ነው። የፊት ዲስክ ፍሬን ለጂ ቲ ኦ በምርጫ የቀረበው በ1967 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የቀደሙት በአራቱም እግር ከበሮ ፍሬን ነበራቸው፤ ከበሮው ደጋግሞ ሲያዝ ይግልና መኪናውን በወጉ አያቆምም። በዘመናዊ ፍሬን መንዳት የተማረ ልጅ ይህን የሚረዳው ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ነው። እንግዲህ የሚወደውን ልጅ ለማስደሰት መኪናውን የሚገዛ አባት፣ ከቀለሙ በፊት ፍሬኑን ቢያሠራለት ይሻላል። መለዋወጫው በአሜሪካ እንደ አዲስ እየተሠራ በዝርዝር መጽሐፍ ይሸጣልና፣ ከመቀመጫው ልብስ እስከ ምልክቱ ድረስ የሚገኝ ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህን እያነበበ የመርከብ ኪራይ የሚያሰላ አስመጪ ካለ፣ በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸውን እናስታውሰዋለን። በአሜሪካ የሚኖር ልጁ ግን ምክር ቢጠይቀው፣ በቅድሚያ የመኪናውን ቁጥር ተቀብሎ የፋክቱሩን ቅጂ ያስመጣ፤ ቀብዱንም ቅጂው ሳይደርሰው አይክፈል።