እንደ ወረቀት የሳሳ ድምፅ ማጉያ፦ አሠራሩ፣ አገልግሎቱና ገደቡ

ዛሬ በስፋት የምንገለገልበት ድምፅ ማጉያ መሠረታዊ አሠራሩ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። በማግኔት መስክ ውስጥ የተቀመጠ ጥቅል ሽቦ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሾጣጣ ሽፋንም አየሩን በመግፋትና በመሳብ ድምፅ ይፈጥራል። ማግኔቱ ክብደትን፣ ሾጣጣውም ጥልቀትን ስለሚጠይቅ ይህን መሣሪያ ማሳሳት አዳጋች ነው።

ችግሩን ለመፍታት ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው ሙቀት ነው። በ2008 በቻይና የቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ቀጭን የካርቦን ናኖቱቦ ሽፋንን በተለዋዋጭ ጅረት በማሞቅ በዙሪያው ያለው አየር እንዲስፋፋና እንዲኮማተር፣ በዚህም ድምፅ እንዲፈጠር አድርገዋል። ሽፋኑ ቢታጠፍም ቢሳብም ይሠራል፤ ሆኖም አብዛኛው ኃይል በሙቀትነት ይባክናል።

ሁለተኛው መንገድ ፓይዞኤሌክትሪክ ነው፤ ይኸውም ቮልቴጅ ሲያገኙ ቅርፃቸውን የሚለውጡ ቁሶችን መጠቀም ነው። እንዲህ ያለ ስስ ሽፋን ድምፅ ለማውጣት በነፃነት መርገብገብ ስላለበት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ይታፈናል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤምአይቲ) ተመራማሪዎች በ2022 ይፋ ባደረጉት ሥራ መላው ሽፋን እንዲንቀሳቀስ አላደረጉም። 8 ማይክሮን ውፍረት ያለውን ፒቪዲኤፍ የተባለ ፕላስቲክ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሉት ሌላ ፕላስቲክ ጋር አጣብቀው በየቀዳዳው 15 ማይክሮን ያህል ከፍታ ያላቸው ጉብታዎች እንዲወጡ አደረጉ። ድምፁን የሚፈጥሩት ጉብታዎቹ ናቸው፤ ከላይና ከታች ያሉት መለያ ንጣፎች ደግሞ ከሚለጠፍበት ገጽና ከንክኪ ይከላከሏቸዋል።

መዳፍ የሚያህለው ይህ መሣሪያ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ25 ቮልትና በ1 ኪሎኸርዝ ሲሠራ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት 66 ዴሲቤል፣ ማለትም የመደበኛ ንግግር ያህል ድምፅ ይሰጣል፤ በ10 ኪሎኸርዝ ወደ 86 ዴሲቤል ያድጋል። የሚፈልገው ኃይል በካሬ ሜትር 100 ሚሊዋት ያህል ብቻ ነው።

ከታሰቡት አገልግሎቶች መካከል በአውሮፕላንና በተሽከርካሪ ውስጥ ጩኸትን በተቃራኒ ድምፅ ማጥፋት፣ የአልትራሳውንድ ምስል ማንሣትና በድምፅ ነጸብራቅ በክፍል ውስጥ ያለን ሰው መለየት ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ የመጀመሪያው የመሣሪያውን ድካም ይነካል። የሞተር ጩኸት በአብዛኛው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ነው። የአንድ ድምፅ ማጉያ ግፊት የሚወሰነው አየሩን በሚያፋጥንበት መጠን ስለሆነ፣ ድግግሞሹ በ10 እጥፍ ሲቀንስ ያንኑ ግፊት ለማግኘት በ100 እጥፍ የሚበልጥ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የአንድ ጉብታ እንቅስቃሴ ግን ግማሽ ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ጉድለቱ የሚካካሰው ስፋትን በመጨመር ሲሆን፣ በግርድፉ ሲሰላ በ1 ኪሎኸርዝ አንድ መዳፍ የሚሠራውን በ100 ኸርዝ ለመሥራት መቶ መዳፍ፣ ማለትም 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይጠይቃል።

እንግዲህ ይህ ቴክኖሎጂ ሣጥን ውስጥ ያለውን ድምፅ ማጉያ በቀጥታ የሚተካ ሳይሆን ግድግዳን፣ ጣሪያንና የተሽከርካሪን ውስጠኛ ገጽ ወደ ድምፅ ምንጭነት የሚለውጥ ነው። ስለሆነም የወደፊት ዕጣው የሚወሰነው ስስ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ሰፋፊ ገጾችን በአነስተኛ ወጪና በወጥ ጥራት ለማምረት በመቻሉ ጭምር ነው።