ባልደራስ፦ የንጉሥ ፈረሶች አለቃ

ባልደራስ በቤተ መንግሥት የንጉሡን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚያስተዳድር ሹም ማዕረግ ነበር። የስሙ መነሻ ከግእዙ «በዓለ» የመጣው «ባለ» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ባለቤት ወይም ኃላፊ ማለት ነው። ባላገርና ባላባት የሚሉት ስሞችም ከዚሁ ቃል ተገኝተዋል። ባልደራስ ከባልደረባ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ባልደረባ ነገሥታቱ ለእንግዳ ወይም ለባለጉዳይ የሚመድቡት አገናኝ ነበር።

የባልደራስ ኃላፊነት ጋጣ ከማስጠረግ ያለፈ ነበር። ሣርና ገብስ እንዳይጓደል ያስቀርባል፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡና ግላሱ በደንብ መያዛቸውን ይቆጣጠራል፤ ከሥሩ ያሉትን ፈረስ ጠባቂዎች ያዛል። በጉዞ ጊዜ መኳንንቱ በበቅሎ ሲሄዱ፣ የጦር ፈረሳቸው ሳይደክም በአሽከር እየተሳበ ይከተል ነበር። የፈረስ ክብር በስምም ይገለጥ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው።

እንዲህ ያለው ሹመት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አካባቢዎች እንግዳ አልነበረም። አገሮቹ በቀድሞው በጌምድር ሥር ነበሩ፤ የነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦርም ቅርባቸው ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ዙሪያ ደጋ በመሆኑ ለፈረስ መኖ የሚሆን ገብስና ሣር ያበቅላል። ከደብረ ታቦር ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በጋይንት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚሁ በኩል ነበር። በዚያ ዘመን የጦር ሠራዊት ያለ ፈረስና በቅሎ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ስለዚህ የባልደራስ ሥራ ከዘመቻው ዝግጅት አንዱ ክፍል ነበር።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የፈረስ ቦታ ቀስ በቀስ በመኪና ተተካ፤ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወድቅም የቤተ መንግሥቱ ማዕረጎች አብረው ቀሩ። ዛሬ ባልደራስ በይበልጥ የሚታወቀው በአዲስ አበባ ያለ ሰፈር ስም ሆኖ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው ባልደራስ ለእውነተኛ ዲሞክራሲ ፓርቲም የተጠራው በዚሁ ስም ነው።