የታይሮይድ መድኃኒት እየወሰዱ የደም ውጤትን መረዳት

አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። ከመካነ ሰላም ወይም ከዙሪያዋ ተነስቶ ደሴ ድረስ ሄዶ የታይሮይድ ደም ምርመራ ያደረገ ሰው «ውጤትህ ኖርማል ነው» ሲባል አልሐምዱሊላህ ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ከወራት በኋላ ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና የሆድ ድርቀቱ ተመልሶ ይመጣል። ውጤቱ ኖርማል የሆነው መድኃኒቱ ስለሠራ ነበር።

እንቅርት ለደጋው ሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው፤ ለዘመናት ዝናብና ጎርፍ ያጠበው ተራራማ አፈር አዮዲን ያንሰዋል፣ የሚበቅልበት እህልም እንደዚያው። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የአገራችን ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይሁንና አንገት ማበጡ ብቻውን ዕጢው ሥራ አነሰ ወይም በዛ አያሰኝም። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ቲኤስኤች፣ ቲ4 እና ቲ3 የሚሉ ይገኛሉ። ቲ4 እና ቲ3 ዕጢው ራሱ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ናቸው። ቲኤስኤች ግን የሚመጣው ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ሲሆን ታይሮይድን «ሥራ!» የሚል ትእዛዝ ነው። ሠራተኛው ሲያዘግም አሠሪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሠራተኛው ከልክ ሲያልፍ ዝም ይላል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ካለ ሆርሞኑ አንሷል፣ ዝቅ ካለ ሆርሞኑ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ገልብጦ በማንበብ ነው። በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች የቲኤስኤች ልክ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው።

ሆርሞን አንሶት ሊቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላው ቢመረመር ገንዘቡንም መንገዱንም ያባክናል። የመድኃኒቱ ግማሽ ከደም ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቲኤስኤች ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው የሚረጋው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ቡና መምጠጡን ይቀንሰዋል፤ ወሎ ውስጥ ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ቡናው አንድ ሰዓት ቢቆይ አይጠላም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ኪኒንና ካልሲየም ደግሞ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። በምርመራው ዕለት ጠዋት ደም ከተሰጠ በኋላ ኪኒኑን መዋጥ ይሻላል፤ ቀድሞ ከተዋጠ ቲ4 ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ለሳምንታት ሲረሱ ቆይተው ቀጠሮ ሲቃረብ በትጋት የሚውጡም አሉ። ያኔ ቲ4 ደህና ይመስላል፣ ቲኤስኤች ግን ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ያለፈውን ሳምንታት የሚናገር ነውና። ሐኪሙ ይህን ካልሰማ መጠኑን በከንቱ ሊጨምር ይችላል። መርሳቱን መናገር ነውር የለውም።

ሆርሞን በዝቶበት ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል የሚወስድ ሰው ሁኔታው ሌላ ነው። ቲ4 እና ቲ3 ከተስተካከሉ በኋላም ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪሙ ይበልጥ የሚያየው ሁለቱን ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ የነጭ የደም ሴል ቆጠራ ይሠራ። አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም ሕይወት ይቀጥፋል።

ሊቮታይሮክሲን የምትወስድ እህት እርግዝና እንደጠረጠረች ትመርመር። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ይጨመራል፤ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስም በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይለካል። የፅንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት በእናቱ ሆርሞን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል የምትወስድም ሳትዘገይ ለሐኪሟ ትንገር፤ የመድኃኒቱ ዓይነት ሊቀየር ይችላልና።

ረመዳንን በተመለከተ ሊቮታይሮክሲን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ለአብዛኛው ሰው አያስቸግርም። ለሱሑር ቀደም ብሎ ተነስቶ ውጦ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ መብላት፣ ወይም ከኢፍጣር ምግብ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲተኙ መውሰድ ይቻላል። የተመረጠው ሰዓት ግን ወሩን ሙሉ አይቀያየር። ፒቲዩ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚታዘዝለት ሰው በሻዕባን ሐኪሙን ያማክር። ለምርመራ ደም መስጠትን ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው ጾምን ከማያፈርሱት ጉዳዮች መድቦታል።

በመጨረሻም ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር። ቲ4 በተለያየ መለኪያ ይጻፋል፤ አንዱ ላቦራቶሪ 1.2፣ ሌላው 15 ብሎ የሁለቱም ትርጉም አንድ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚነጻጸረው በዚያው ወረቀት ጎን ከተጻፈው ልክ ጋር ነው። የሚቻል ከሆነ በአንድ ላቦራቶሪ መመርመር፣ የቀድሞ ወረቀቶችን ሁሉ በአንድ ፌስታል መያዝ፣ የኪኒኑን ማሸጊያም አብሮ ማምጣት ይጠቅማል፤ 50 ማይክሮግራም እና 100 ማይክሮግራም የተቀያየረበት ሰው የሚታወቀው ማሸጊያው ሲታይ ነው።