ከካዚኖ የተገኘ ገንዘብና ግብሩ

በአሜሪካ ከቁማር የሚገኝ ገንዘብ እንደ ደመወዝና እንደ ንግድ ትርፍ ሁሉ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። የስሎት ማሽን ጃክፖት፣ የብላክጃክ ድል፣ የፖከር ውድድር ሽልማት፣ የስፖርት ውርርድና የሎተሪ ዕጣ በሙሉ በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃሉ። ካዚኖው በዕጣ መኪና ቢሸልም እንኳ የመኪናው የገበያ ዋጋ ተተምኖ ከአሸናፊው የዓመት ገቢ ጋር ይደመራል። የፌዴራሉ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት፣ በአጭር ስሙ አይአርኤስ፣ ከዚህ በታች ከሆነ አይመዘገብም ብሎ ያስቀመጠው መጠን የለም።

ግራ መጋባትን የሚያመጣው ደብሊው-ቱ-ጂ የሚባለው ቅጽ ነው። ካዚኖው ይህን ቅጽ የሚሞላው ድሉ በሕግ ከተወሰነው መጠን ሲደርስ ብቻ ነው። ለስሎት ማሽንና ለቢንጎ መጠኑ ለብዙ ዓመታት 1,200 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። አንድ ማሽን እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል፣ ሠራተኛ ይመጣል፣ መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠየቃል፣ ቅጹ ተሞልቶ ገንዘቡ በእጅ ይከፈላል። የቅጹ አንድ ቅጂ ለአሸናፊው ሲሰጥ ሌላው ለአይአርኤስ ይላካል። ስለዚህ አሸናፊው በግብር ማስታወቂያው ላይ ገንዘቡን ቢዘነጋ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን መዝገቦች አመሳክሮ ልዩነቱን ያገኘዋል፤ ከነወለዱና ከነቅጣቱም ይጠይቃል።

እንደ ብላክጃክ፣ ሩሌት፣ ክራፕስና ባካራት ላሉት የጠረጴዛ ጨዋታዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጽ አይሞላም። ከዚህ በመነሳት ብዙ ሰው «ወረቀት ካልተሰጠኝ ግብር የለብኝም» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ቅጹ የካዚኖው ግዴታ ሲሆን ገቢውን ማስታወቅ ደግሞ የተጫዋቹ ግዴታ ነው፤ የአንዱ አለመኖር ሌላውን አያስቀርም።

ግብሩ ከእጅ ላይ የሚቀነስበት ጊዜም አለ። በሎተሪ፣ እንዲሁም ለውርርድ ከተከፈለው ገንዘብ ቢያንስ 300 እጥፍ ባስገኘ የስፖርት ወይም የፈረስ ውርርድ፣ ትርፉ ከ5,000 ዶላር ካለፈ ከፋዩ 24 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። ከስሎት ማሽን፣ ከቢንጎና ከኬኖ ላይ በመደበኛው አሠራር ቅናሽ የለም፤ ነገር ግን ቅጽ የሚሞላበት ድል ያገኘ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም ሌላ የግብር ከፋይ ቁጥር ካልሰጠ ከእሱም 24 በመቶ ይያዛል። የተቀነሰው ገንዘብ ቅድመ ክፍያ ነው። የመጨረሻው ሒሳብ የሚታወቀው የዓመቱ ገቢ በሙሉ ተደምሮ ሲሰላ ነው።

ማስታወቂያው የሚቀርበው በቅጽ 1040 ነው። የቁማር ገቢ «ስኬጁል 1» በሚባለው ተጨማሪ ቅጽ ላይ በድምሩ ይጻፋል። የተበላው ገንዘብ የሚጻፈው ለብቻው «ስኬጁል ኤ» ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተገኘውንና የተበላውን አጣፍቶ ልዩነቱን ብቻ ማስመዝገብ አይፈቀድም። የሚቀነሰው ኪሳራም ከተገኘው ገንዘብ ሊበልጥ አይችልም።

ብዙ ተጫዋቾች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በ2025 በጠቅላላው 8,000 ዶላር አግኝቶ 10,000 ዶላር የተበላ ሰው 8,000 ዶላሩን በሙሉ እንደ ገቢ ማስመዝገብ አለበት። ኪሳራውን መቀነስ የሚችለው ተቀናሾቹን በዝርዝር ካቀረበ ብቻ ነው። ለዚያ ዓመት ላላገባ ሰው የተፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ዶላር ስለሆነ፣ የቤት ብድር ወለድ ወይም ሌላ ትልቅ ተቀናሽ የሌለው ሰው በዝርዝር ማቅረቡ አያዋጣውም። በመሆኑም ኪሱ በ2,000 ዶላር ጎድሎ ሳለ ለ8,000 ዶላር ግብር ይከፍላል። የተመዘገበው ገቢ ከፍ ማለቱ መንግሥት ለጤና መድን የሚሰጠውን ድጎማም ሊቀንስበት ይችላል።

በሐምሌ 2025 የጸደቀው የግብር ሕግ ሸክሙን አክብዶታል። ከ2026 ጀምሮ የሚቀነሰው የኪሳራው 90 በመቶ ብቻ ነው። በዓመት 100,000 ዶላር አግኝቶ 100,000 ዶላር የተበላ ተጫዋች ምንም ሳያተርፍ 10,000 ዶላር ገቢ እንዳለው ይቆጠራል። ቁማርን መተዳደሪያቸው አድርገው ገቢያቸውን እንደ ንግድ የሚያስታውቁ ባለሙያዎችም ከዚህ ገደብ አያመልጡም።

በአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ፣ ለምሳሌ ለጉብኝት የመጣ ሰው፣ ሌላ ሥርዓት ይመለከተዋል። አገሩ ከአሜሪካ ጋር የተለየ የግብር ስምምነት ከሌላት ከስሎት ማሽን ድሉ ላይ 30 በመቶ ይያዝበታል። ከብላክጃክ፣ ከሩሌት፣ ከክራፕስና ከባካራት ያገኘው ግን ከዚህ ግብር ነጻ ነው። ክፍለ ሀገራትም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ላስ ቬጋስ የምትገኝበት ኔቫዳ ከግለሰብ ገቢ ግብር አታስከፍልም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ግን ከቁማር ገቢም ታስከፍላለች።

የኢትዮጵያ ሕግ መንገዱ ይለያል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በአገር ውስጥ ከሚካሄዱ የዕድል ሙከራዎች በሚገኝ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነጻ አድርጓል። ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ከፋዩ ድርጅት ነው፤ ኪሳራ ግን አይቀነስም። ይህን ሥርዓት የለመደ ሰው አሜሪካ ሲገባ ግብሩ ካዚኖው ላይ ያለቀ ሊመስለው ይችላል።

ለተጫዋቹ ጥበቃ የሚሆነው መዝገብ ነው። አይአርኤስ የሚጠይቀው ማስታወሻ ጨዋታው የተካሄደበትን ቀን፣ የጨዋታውን ዓይነት፣ የካዚኖውን ስምና አድራሻ፣ አብረው የነበሩትን ሰዎች፣ የተገኘውንና የተበላውን ገንዘብ መጠን የያዘ ነው። ከዚህ ጋር ደረሰኞች፣ የባንክ መግለጫዎችና ካዚኖው በአባልነት ካርድ ተከታትሎ የሚሰጠው የዓመት መግለጫ ይያያዛሉ። ማስረጃ ያልቀረበለት ኪሳራ ተቀባይነት ያጣል፤ ድሉ ግን ግብር እንደተጣለበት ይቀራል። ስለዚህ ካዚኖ የሚገባ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጻፍ፣ ትልቅ ገንዘብ ከደረሰውም ከማጥፋቱ በፊት የግብሩን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጥ፣ የግብር ባለሙያም ያማክር።