ከቪየና የተላኩ ደብዳቤዎች፦ በክራይሚያ ጦርነት መካከል የተደረገ የሰላም ድርድር አንድን ሚኒስትር እንዴት ከሥልጣን አወረደ?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 1855 የብሪታኒያ፣ የፈረንሳይ እና የኦቶማን ቱርክ ወታደሮች በክራይሚያ የሴባስቶፖልን ወደብ ከበው ነበር። ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙዎችን እየጨረሰ በነበረበት በዚያው ወር፣ የተፋላሚዎቹ መንግሥታት መልዕክተኞች በኦስትሪያ መዲና ቪየና ለሰላም ድርድር ተቀመጡ።

ብሪታኒያን ወክለው ከተገኙት አንዱ ሎርድ ጆን ራስል ነበሩ። ራስል ከ1846 እስከ 1852 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በ1832ቱ የምርጫ ሕግ ማሻሻያም ስማቸው የገነነ ፖለቲከኛ ናቸው። ወደ ቪየና የላኳቸው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተባባሪያቸውም ተፎካካሪያቸውም ሆነው የቆዩት አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ፓልመርስተን ነበሩ።

ድርድሩ በአራት ነጥቦች ላይ ያተኮረ ነበር። የመጀመሪያው ሩሲያ በሞልዳቪያ፣ በዋላኪያ እና በሰርቢያ ላይ የነበራትን የሞግዚትነት መብት የሚያስቀር ነው። ሁለተኛው በዳኑብ ወንዝ ላይ የመርከብ ጉዞ ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። ሦስተኛው በጥቁር ባሕር የሩሲያን የበላይነት ማክተም ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ ሩሲያ በኦቶማን ግዛት የሚኖሩ ክርስቲያኖች ጠባቂ ነኝ ማለቷን እንድትተው የሚል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ስምምነት ተገኘ። ሦስተኛው ላይ ግን ንግግሩ ቆመ። የሩሲያው መልዕክተኛ ልዑል ጎርቻኮቭ፣ አገራቸው በራሷ ባሕር ላይ የመርከቦቿ ቁጥር እንዲገደብ እንደማትፈቅድ ገለጹ።

ሁለት ዓይነት ደብዳቤ

በዚያ ዘመን አንድ የብሪታኒያ መልዕክተኛ ወደ አገሩ የሚጽፈው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በቁጥር ተመዝግቦ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ ይፋዊ ሪፖርት ነው። ምክር ቤቱ ሰነዶቹ ይቅረቡልኝ ካለ፣ መንግሥት እነዚህን ሪፖርቶች መርጦ በሽፋናቸው ቀለም “ሰማያዊ መጻሕፍት” በሚባሉ ጥራዞች ያሳትማቸው ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ነገ ሕዝብ ሊያነበው እንደሚችል እያወቀ ቃላቱን ይመዝናል።

ሁለተኛው የግል ደብዳቤ ነው። ሚኒስትሮች ጥርጣሬያቸውን፣ ለማግባባት ምን ያህል ርቀት ለመሄድ እንደሚፈቅዱ፣ ስለ ባልደረቦቻቸው የሚያስቡትንም በዚህ ይጽፉ ነበር። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ ከጸሐፊዎቹ የቤተሰብ ሰነዶች ጋር ስለሚቀመጡ ለሕዝብ የሚደርሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ራስል ከ1840 ወዲህ ከተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች የተመረጡት በታሪክ ጸሐፊው ጂ. ፒ. ጉች አዘጋጅነት በሁለት ቅጽ የታተሙት በ1925 ነበር።

በ1855 ደግሞ ቴሌግራፍ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ተጨምሯል። ለንደን ከቪየና ጋር በሽቦ በመገናኘቷ ካቢኔው መልዕክተኛውን በቅርብ መቆጣጠር ቻለ። ይሁንና አጭሩ የቴሌግራፍ መልዕክት ትዕዛዝ እንጂ ማብራሪያ ለማስተላለፍ አይመችም ነበር።

ምስጢሩ ሲወጣ

ድርድሩ ሊፈርስ ሲል የኦስትሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካውንት ቡዎል የማግባቢያ ሐሳብ አቀረቡ። ሩሲያ በጥቁር ባሕር ከጦርነቱ በፊት ከነበራት የባሕር ኃይል መጠን እንዳታልፍ፣ ካለፈች ግን ኦስትሪያ ከምዕራባውያኑ ጎን ተሰልፋ እንድትዋጋ የሚል ነበር። ራስል እና የፈረንሳዩ አቻቸው ድሩወን ደ ሉዊስ ሐሳቡን ለመንግሥታቸው ለመደገፍ ተስማሙ።

ፓልመርስተንም ሆኑ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛ ናፖሊዮን ግን አልተቀበሉትም። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ወዲያው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ራስል ግን የመንግሥት መከፋፈል በጦርነት ጊዜ እንዳይታይ በሚል በካቢኔው ቆዩ። ከዚያም አልፈው በግንቦት ወር በምክር ቤት ቆመው ጦርነቱ እንዲቀጥል የሚያበረታታ ንግግር አደረጉ።

ይህ አቋማቸው ብዙም አልዘለቀም። ቡዎል ለድርድሩ መክሸፍ ኦስትሪያ እንዳትወቀስ ሲሉ ባሰራጩት ደብዳቤ፣ የሁለቱ ምዕራባውያን ሚኒስትሮች ሐሳቡን ደግፈው እንደነበር ይፋ አወጡ። ራስል በሐምሌ ወር ጥያቄ ሲቀርብባቸው እውነት መሆኑን አመኑ። የምክር ቤቱ አባላት ሰላም ይቻላል ብለው ያመኑ ሰው ወታደሮች እንዲሞቱ ስለምን ድምፅ ሰጡ ሲሉ አጥብቀው ጠየቁ። የወቀሳ ሐሳብ ለክርክር ከመቅረቡ በፊት ራስል ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በፊት፣ ድርድሩ በይፋ በተዘጋ ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሰኔ 18 ሴባስቶፖልን በኃይል ለመያዝ የተደረገው ሙከራ በከባድ ጉዳት ከሽፎ ነበር። ከተማዋ የወደቀችው በመስከረም ነው። መጋቢት 1856 በፓሪስ የተፈረመው ውል ጥቁር ባሕርን ከጦር መርከቦች ነጻ የሚያደርግ፣ በቪየና ከቀረበው ሐሳብ የጠነከረ ግዴታ ይዞ ወጣ። ሩሲያ ግን በ1870 በዚህ አንቀጽ እንደማትገዛ አሳወቀች፤ ኃያላኑም በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ ተቀበሉት። ብዙ ደም የፈሰሰበት ነጥብ 15 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቀረ።

ያልተመለሰው ደብዳቤ

የፓሪሱ ውል የኦቶማን መንግሥትን ነጻነትና የግዛት አንድነት ለማክበር ኃያላኑ ቃል የገቡበት ነበር። የዚህ ጥላ እስከ ኢትዮጵያ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ስለ ቱርኮች በደል ሲገልጹና መልዕክተኞች ለመላክ ሲጠይቁ፣ የጠየቁት ክርስቲያናዊት መንግሥት የቱርክ ወዳጅ ነበረች።

ደብዳቤው ለንደን የደረሰው በየካቲት 1863 ነበር። በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እኚሁ ራስል ነበሩ። ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። በጥር 1864 ቆንስል ካሜሮን ታሰሩ፤ ዘግይቶ የተጻፈውን መልስ ሆርሙዝድ ራሳም ለንጉሠ ነገሥቱ ያደረሱት በ1866 ነው። ያን ጊዜ ግን ቅሬታው ሥር ሰዶ ነበር። ፍጻሜውም በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ መዝመቱና የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ሆነ።

ራስል ቪየና ላይ በግል ያመኑትንና በአደባባይ የተናገሩትን ማስታረቅ ባለመቻላቸው ሥልጣናቸውን አጡ። መልስ የተነፈገው የኢትዮጵያ ደብዳቤ ግን ዋጋ ያስከፈለው በለንደን የነበሩትን ሚኒስትር ሳይሆን መልሱን ሲጠብቁ የነበሩትን ንጉሥ ነበር።